አራተኛው መስመር

ስልኩ የጮኸው ስቅለት ዕለት ማለዳ ነው። ኢንስፔክተር አመዩ ለስግደት ሊወጣ ነጠላውን እያጣፋ ነበር።

«አንዲት እናት ትናንት በድስት እንፋሎት ተቃጥለው ሆስፒታል ገብተው ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል አረፉ» አለው ተረኛው። «ልጃቸው ሚስቱን ከሷል። ልጅቷ እኛ ጋ ናት፣ የአራት ወር ሕፃን አቅፋ።»

አመዩ ነጠላውን አጥፎ ወንበር ላይ አኖረው። አምቦ ውስጥ ስለዚህ ሰው የሚወራው ብዙ ነው፤ ግማሹ ውሸት ነው። እውነቱ ይኼ ነው፦ አይጮህም፣ አይቸኩልም፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያለ ባልደረቦቹን ያሰለቻል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከሥሩ የተያዘ ነገር ሁሉ ደግ አይደለም። አንዳንዱ ሥር ባይነካ ይሻላል።

ሟቿ ወይዘሮ አረጋሽ ሆስፒታል ውስጥ ነጭ አንሶላ ለብሰው ተኝተዋል። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ሐኪሙ «ፊትና ደረታቸው ተልጧል፤ የገደላቸው ግን የሳቡት እንፋሎት ነው» አለ። አመዩ ቀኝ እጃቸውን አነሣ። የሌባ ጣታቸው ጥፍር ሥር የደረቀ ቢጫ ነገር ተጣብቋል። በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ቤቱ ከሁሉቃ ወንዝ ከፍ ብሎ ነው፤ የይዞታ ካርታው ላይ አምቦ ገና በድሮ ስሟ «ሀገረ ሕይወት» የምትባልበት አሮጌ ቤት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ባቄላና ስንዴ እስከ ኮርኒሱ ተረጭቶ ደርቋል። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን መሆኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ በኤሌክትሪክ የምትሠራው ፕሬዠር ድስት አፏን ከፍታ ተቀምጣለች። ቤቱ ከገባች አሥራ አንድ ቀኗ ነው።

ክዳኗን ጠረጴዛው ሥር አገኛት። አናቷ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ፒን የምትገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ያው ቢጫ ነገር ተጋግሯል። ፒኗ ከሥሩ ተቀብራለች። ቅርፊቱ መሐል ላይ አውራ ጣት የተጫነው የሚመስል ጎድጎድ አለ። አመዩ በጥፍሩ ፋቀና በጣቶቹ አሸው። ላመ። ጉልባን ደግሞ እንዳለ ይቀቀላል እንጂ አይፈጭም።

ሌንጂሳ በሩ ላይ ቆሟል። የሟች አንድ ልጅ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል።

«ድስቷን የገዛኋት እኔ ነኝ» አለ። «እናቴ ሦስት ሰዓት ጭስ ውስጥ ከምትቀመጥ ብዬ። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ለምሳ ስመጣ ከበር ጩኸቷን ሰማሁ።»

«ሚስትህን ለምን ጠረጠርክ?»

«ጥዳ የወጣችው እሷ ናት። በድስቷም አይስማሙም ነበር። ‹አንድ ቀን ታቃጥልዎታለች› ስትላት አክስቴ ሰምታለች።» ሌንጂሳ ግድግዳውን ተደገፈ። «ኦቦ፣ ወይ እናቴን ገድላታለች፣ ወይ እኔ የልጄን እናት በከንቱ አሳስሬያለሁ። የቱም ቢሆን እኔ አልድንም።»

አመዩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማንበብ ጀመረ። ሰባት መስመር፣ በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ቁቤ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ። አራተኛው መስመር ላይ ቆየ፦ «መጀመሪያ በፒኗ በኩል እንፋሎት ይወጣል። አትንኩት። ራሷ ትዘጋለች።»

ጣቢያ ሲደርስ የሌንጂሳ ሚስት ሃዊ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ሳጅን ሰምሃል ጀርባዋን ሰጥታ በር ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ጸሎተ ሐሙስን በጉልባን አላከብርም» አለች ሃዊ። «ለእሳቸው ብዬ ነው የጣድኩት። ክዳኗን አጥቤ፣ ገጥሜ፣ አምስት ሰዓት ላይ አብርቼ ልጄን አቢጊያን ለክትባት ይዤ ወጣሁ። እሳቸው መኝታ ቤት ዳዊት ያደርሱ ነበር።»

«‹ታቃጥልዎታለች› ብለሻል?»

«ብያለሁ። ሳትበርድ ክዳኗን ሲታገሏት አይቼ ደንግጬ። ዓይናቸው ሞራ ስላለበት ፒኗን በጣት እንዲዳብሱ አስተማርኳቸው። ውስጡ እንፋሎት ሲታመቅ ትነሣለች፤ ሲበርድ ትተኛለች። ‹ከተነሣች አይክፈቱ፣ ከተኛች ይክፈቱ› አልኳቸው። ይህችን ብቻ።»

«ሌላው ግድግዳ ላይ አለ። ግን በቁቤ ነው።»

«የተማርኩት በቁቤ ነው። እሳቸው የሚያነቡት ፊደል መሆኑ ትዝ ያለኝ ከለጠፍኩት በኋላ ነው። ሌላ ቀን በአማርኛ፣ በትልልቁ እገለብጠዋለሁ አልኩ።» ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። «ሌላ ቀን የለም ለካ።»

«ትናንት ቤት ውስጥ ሊጥ ነበር?»

«ሊጥ? የለም። እንጀራ ከረቡዕ የተረፈ ነበር። ዱቄቱም የጤፍ ነው።»

አለቃው ኮሪደር ላይ ያዘው። «ማክሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። መዝገቡ ላይ ያለው የእሷ ስም ነው። ሌላ ስም ካለህ አምጣ።» ስትጠብቅ እንደነበረች ሁሉ ሕፃኗ ያኔ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ አመዩ ወደ ዓብዲሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄደ። ድስቷን የሸጠውም፣ ሐሙስ ጠዋት የግድግዳውን ሶኬት የቀየረውም ዓብዲሳ ነው። ገና ሳይጠየቅ ያልበዋል።

«ሦስት ሰዓት ላይ ቀይሬ ወጣሁ። ያኔ ድስቷ ባዶ ነበረች፣ ክዳኗም መደርደሪያ ላይ። እቃዬ ጤነኛ ነው ጌታዬ፤ ሌላ አንዲት አለችኝ፣ ከፈለጉ ወስደው ይፈትኗት።»

አመዩ ወሰዳት።

ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። እሑድ ፋሲካ ነበር፤ እዚያ ግቢ ግን በግ አልታረደም። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው የሟች ታላቅ እህት፣ አዴ ሲንቄ፣ አረቄ አውጭ ናቸው። እናታቸው በወሊድ ስትሞት አረጋሽን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው በልቅሶ ተዘግቷል።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» አላቸው አመዩ።

«እንዴት እኖራለሁ ልጄ? ልጄን ቀብሬ?» አሉ። እህቴ አላሉም። «ያችን ልጅ አትልቀቃት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ሐሙስ ዕለት እዚያ ገብተው ነበር?»

«ገብቻለሁ። አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ወንፊቴን ልወስድ። አረጋሽ ትጸልይ ነበር፣ አልረበሽኳትም። በጓሮ ገብቼ ወንፊቴን ይዤ ወጣሁ። ለፋሲካ አረቄ ጥጄ ነበር፣ ቸኩያለሁ።»

አመዩ ጓሮውን አየ። እሳቱ ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል። ጋኖቹ ትነቱን ከሚያስተላልፈው መቃቸው ጋር እንደተገተሩ ናቸው። መቃው ጋኑን የሚያገኝበት ሁሉ በሊጥ ተመርጓል፤ የበቆሎ ዱቄት፣ ትንሽ አመድ የገባበት፣ ቢጫ። ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ይኼ ምርጊት ለምንድን ነው?» አለ፣ እያወቀ።

«ትንፋሹ እንዳያመልጥ ነዋ። ትንፋሹ ካመለጠ ምን ይቀርሃል? ውሃ!» አሉት፣ ለአላዋቂ ልጅ እንደሚነገር።

ከመሬት ቁራሽ ለቀመና ኪሱ ከተተ። ከጥፍሩም ከክዳኗም ላይ ከተገኘው ጋር አንድ ነው። ይሁንና ደስ አላለውም። ሴትዮዋ የዋሹት አንድ ቃል አላገኘም፤ ያላሉት ነገር ግን አለ። ለምን ደበቁ? አስበውበት ከሆነ ገዳይ ናቸው። ሳያስቡት ከሆነ ግን... አመዩ እዚያ ላይ ማሰቡን ተወ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፍቅርተ ድስት ታቅፎ ስታየው ሳቀች። «በተጋባን በሃያ ዓመታችን ልትቀቅልልኝ ነው?»

«ውሃ ብቻ።» እንደ ወረቀቱ አደረገ፦ ውሃ እስከ መስመሩ፣ ክዳኗን ገጥሞ ማዞር፣ ሶኬት፣ ማብራት። ጥቂት ቆይቶ በፒኗ ዙሪያ እንፋሎት ሲፍ ሲል እሱም፣ ስንት ሬሳ ያየው ሰው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ፒኗ ተነሥታ ጠቅ አለች፤ ጸጥ ሆነ። አቀዝቅዞ እንደገና ጣዳት፤ አሁን ገና እንፋሎቱ ሲጀምር ፒኗን በሊጥ መረጋት። ሊጡ ጋግሮ ደረቀ። ሶኬቱን ነቀለ። ፒኗ እንደተኛች ናት፤ ክዳኗም እሺ ብላ ልትከፈትለት ምንም አልቀራት። ከሩቅ ሆኖ የእንፋሎት መልቀቂያውን በረጅም እንጨት ቢገፋው ድስቷ እንደ ባቡር ጮኸች። ፍቅርተ አማተበች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሁሉንም ሐዘን ቤት ሰበሰባቸው። ሃዊ አቢጊያን ታቅፋ ከሳጅን ሰምሃል ጋር መጣች። ሌንጂሳ አጠገቧ መቀመጥ ፈልጎ አልደፈረም። ዓብዲሳ ጥግ ያዘ። አዴ ሲንቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። መሐላቸው የዓብዲሳ ድስት ውሃ ተደርጎባት ተቀምጣለች። አመዩ አበራትና መናገር ጀመረ።

«ወይዘሮ አረጋሽ የተነገራቸውን አድርገዋል። መብራት ጠፋ፣ ድስቷ ዝም አለች። ፒኗን በጣታቸው ዳበሱ፤ ተኝታለች። ስለዚህ ከፈቱ። ጥፍራቸው ሥር የተገኘው ሊጥ ከፒኗ ላይ ነው። ፒኗ ግን የተኛችው ድስቷ በርዳ አይደለም። በሊጥ ተመርጋ ነው። ፒኗ ካልተነሣች ክዳኗ አይቆለፍም። ውስጧ እሳተ ገሞራ ሆኖ ክዳኗ አልተቆለፈም ነበር።»

ሃዊ ሕፃኗን ጠበቅ አደረገቻት።

«ማን መረጋት? ዓብዲሳ አይደለም፤ እሱ ሲወጣ ክዳኗ መደርደሪያ ላይ ነበረች፣ በኋላም ሃዊ አጥባታለች። ሊጡ የተጋገረው በእንፋሎት ነው፣ ስለዚህ የተመረገው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ሃዊ ያኔ ጤና ጣቢያ ናት፤ የክትባት ካርዱን አይቻለሁ። ሌንጂሳም ተሳፋሪ ይዞ ጉደር መንገድ ላይ ነበር፤ ተሳፋሪውን አግኝቼዋለሁ። ደግሞ ሁለቱም ቁቤ ያነባሉ። ግድግዳው ላይ ‹አትንኩት› ይላል። የመረጋት ሰው ያንን ማንበብ የማይችል፣ እጁ ላይ የበቆሎ ሊጥ ያለው፣ በዚያች ሰዓት ወጥ ቤት የገባ ሰው ነው።»

ሌንጂሳ ቀስ ብሎ ወደ አክስቱ ዞረ። አዴ ሲንቄ ግን አመዩን እየሰሙት አልነበረም። ዓይናቸው ድስቷ ላይ ነው። በፒኗ ዙሪያ እንፋሎቱ መውጣት ጀምሯል።

«ልጄ፣ እያመለጠ ነው እኮ» አሉ። «ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» በጉልበታቸው ድኸው የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉና ወደ ቀዳዳው ሰደዱ። «የዚያን ቀንም እንዲሁ ነበር። እሳቱ በከንቱ ሲነድ፣ ጉልባኗ ሳይበስል ሊቀር። እጄ ላይ ሊጥ ነበረኝ፣ ዘጋሁላት።»

ይህን ያህል ዓመት ወንጀለኛ ሲናዘዝ የሰማ ሰው፣ አመዩ፣ እንዲህ ያለ ኑዛዜ ሰምቶ አያውቅም። የደበቁት ነገር አልነበረም። ድስት መክደን ለማን ይነገራል?

እጃቸውን ቀስ ብሎ ያዘ። «ይቆዩ አዴ። ትንሽ ይጠብቁ።»

ጠበቁ። ሲፍታው በረታ፣ ሳሳ፣ ከዚያ ፒኗ ተነሥታ ጠቅ አለች። እንፋሎቱ ቆመ።

«ቆመ» አሉ አዴ ሲንቄ።

«ቆመ።»

«ማን ዘጋው?»

«ራሷ ናት የምትዘጋው፣ አዴ።»

አሮጊቷ ድስቷን አዩ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አዩ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን አዩ። ነገሩ ፊታቸው ላይ ሲደርስ አመዩ ማየት አቃተው። ይህን ጊዜ ሌላ ሥራ ቢኖረው፣ ገበሬ ወይም ሸማኔ ቢሆን፣ ተመኘ።

«ያን ቀንም ብተወው ይቆም ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። ሃዊ ግን እዚያ ተቀምጣለች፤ ሰውን ለማዳን የሚዋሽ ውሸት እሷን መልሶ ያስራታል። «ሁለት ደቂቃ ቢበዛ» አለ።

«ዋቀዮ፣ አምላኬ» አሉ አዴ ሲንቄ፣ ቀስ ብለው። አላለቀሱም። ልቅሶውን ሦስት ቀን ሙሉ ጨርሰውት ነበር፣ ለሌላ ሰው ጥፋት ብለው። «እኔን ውሰደኝና እሷን ልቀቃት።»

«እሷ ትለቀቃለች። እርስዎን...» አመዩ ኮፍያውን አዟዟረ። «መዝገቡ ላይ መጻፍ አለብኝ። ቸልተኝነት ይለዋል ሕጉ። ሌላ ቃል የለውም።»

ሌንጂሳ ሚስቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ነበር። ሃዊ አልገፋችውም፣ አላነሣችውም። ሕፃኗን እጁ ላይ አኖረችለትና ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ገንጥላ ተመለሰች፤ ከአዴ ሲንቄ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ይላል?» አሉ አሮጊቷ። «ያ የኔው መስመር።»

ሃዊ በኦሮምኛ አነበበችላቸው። አትንኩት፣ ራሷ ትዘጋለች።

«ይኼን ያህል አጭር ነው?» አሉ። «ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። አመዩ ሶኬቱን ነቀለና ድስቷ እስክትበርድ ተቀመጠ። ፒኗ እስክትተኛ ድረስ አዴ ሲንቄ ስንት ጊዜ እንዳስነበቧት አልቆጠረም።