በጨርቅ የተያዘ ወንበር

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ከዓባይ ቆላ ተነሥቶ የቦረናን ደጋ የሚወጣው ጉም መካነ ሰላምን እስከ ረፋድ ድረስ ሸፍኗት ይቆያል፤ የበልጉ ዝናብም የገበያውን፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የመስጊዱን መንገድ ሳያዳላ ያጨቀየዋል፤ የመናኸሪያው ግቢ ግን ዝናብ ቢዘንብ ጉም ቢወርድ ሰው አጥቶ አያውቅም ነበር።

ያ ዓመት መሬት እንደገና የተለካበት ዓመት ነው። ደርግን ጥሎ የገባው መንግሥት በየቀበሌው ገመድ አስይዞ ማሳ ሲያስለካ፣ ትናንት ጎረቤት የነበረው ሁሉ ዛሬ ተከራካሪ ሆነ፤ በደርግ ጊዜ የተሾመው ቢሮክራት፣ የባላባት ዘር የሆነው ቅሪት ፊውዳል፣ ሌላው ጭቁን ተብሎ ተመደበ፤ የደረሰው ተመስገን ብሎ ሲቀመጥ፣ የተነካው አቤት ሊል ወደ ደሴ ተነሣ። ወደ ደሴ የሚነሣው ሰው በዛ፤ አውቶቡሱ ግን ያው አንድ አሮጌ አውቶቡስ ነበር፤ እርሱም ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ይወጣል። ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ወረፋውን በድንጋይ ይይዛል፤ ድንጋይ ያጣ ዱላውን፣ ዱላ ያጣ የተሰነጠቀ ጀሪካኑን ያጋድማል፤ ሲነጋ ግን ወረፋን ማን አስታውሶት! ጉልበት ያለው በመስኮት ይገባል፤ ጉልበት የሌለው ድንጋዩን ታቅፎ ይቀራል።

የቀሩትን የሚሰበስቡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እመት ቦጋለች ይባላሉ። የባላምባራስ ይመር የልጅ ልጅ ናቸው፤ አያታቸው በቅሎ ከነጌጧ ከነመጣብሯ የሚሸልሙ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያበሉ ጌታ እንደነበሩ የሚያውቅ ያውቃል፤ እርሳቸው ግን በዚያ ዘመን ከመናኸሪያው በር አጠገብ ሻይና ዳቦ ይሸጡ ነበር። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ምላሳቸው ከቁመታቸው ይረዝማል፤ የሰደቡት ሰው ስድቡን ወስዶ ለጓደኛው እያወራ ይስቅበታል። ቅሪት ፊውዳል ሲሏቸው፣ «ቅሪቱን እንኳ አልቻላችሁትም፤ ሙሉውን ብታገኙት ምን ልትሆኑ ነበር?» ይሉ ነበር።

ሥራቸውም እንዲህ ነበር። ከአውቶቡስ የቀረውን ሰው በማግስቱ በእህል መኪና ጉጉፍቱ ድረስ ይልኩታል፤ ጉጉፍቱ የቦረና መንገድና የወረኢሉ መንገድ የሚገናኙበት ብርዳም ደጋ ነው፤ ከወረኢሉ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ በየቀኑ በዚያ ያልፋል፤ ዳሩ ግን ሞልቶ ስለሚመጣ እጅ ቢያውለበልቡለትም አይቆምም። እመት ቦጋለች ይህን በጨርቅ ፈቱት። የቀረው ሰው ከልብሱ አንዱን፣ ነጠላም ይሁን ፎጣ፣ ሻሽም ይሁን ኩታ፣ ይሰጣቸዋል፤ እርሳቸው ጠቅልለው በዕለቱ በሚወጣው አውቶቡስ ረዳት እጅ ይሰድዱታል፤ ረዳቱ ከሰዓት በኋላ ጉጉፍቱ ላይ፣ ወደ ወረኢሉ ለሚመለሰው አውቶቡስ ረዳት ለሁዜይፋ ያስረክበዋል፤ ሁዜይፋም በነጋታው ሰው ከመግባቱ በፊት ጨርቁን በወንበር ላይ ያነጥፈዋል። በዚያ አገር የሰው ልብስ በተነጠፈበት የሚቀመጥ የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም «የሰው ሐቅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ባለ ጨርቁ ጉጉፍቱ ላይ ይሳፈራል፤ ከወረኢሉ የተነሣ ያህል ይከፍላል፤ ልብሱን ከወንበሩ አንሥቶ ይለብሳል፤ ይቀመጣል። እመት ቦጋለች ለዚህ ድካማቸው ከማንም ምንም አይቀበሉም፤ ሊሰጣቸው እጁን የዘረጋ ሰው ተሰድቦ ይመለሳል። ከሁዜይፋም ጋር ያን ሁሉ ጊዜ ተማምነው ሲሠሩ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም ነበር።

ያን ማክሰኞ ጧት ከቀሩት መካከል ሀጀራ የምትባል ባል የሞተባት የከላላ ሴት ነበረች። የባሏ ወንድም አህመድ ለኪዎቹ ሲመጡ የሟቹን ማሳ በራሱ ስም አስመዝግቦባታል፤ አቤት ብትል ደሴ ያለው ፍርድ ቤት ለሐሙስ ጧት ቀጥሯታል፤ ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል፣ ማሳውም የአህመድ ሆኖ ይቀራል። በበቅሎ ከከላላ መጥታ፣ ድንጋይዋን አስቀምጣ አድራ ነበር፤ ሲነጋ በግፊያው መሐል ወደቀች፤ ቀና ስትል አህመድን በአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ተደላድሎ ተቀምጦ አየችው።

«አይዞሽ ሀጀራ!» አላት በመስኮት ብቅ ብሎ። «ለዳኛው ሰላምታሽን አደርስልሻለሁ።»

እመት ቦጋለች ሰሙት።

«አንተ ባለ ትልቅ አፍ! መስኮቱን ዝጋው፤ ብርዱ ምላስህን እንዳያደርቀው!»

ትኬት ቆራጩ አድማሴ ደንግጦ መጣ። «ኧረ እትዬ ቦጋለች፣ ይተዉ፤ ተሳፋሪ ነው።»

«ተሳፋሪ መሆኑንማ አየሁ፤ ሰው መሆኑን ነው ያላየሁት።» ከዚያም ወደ ሀጀራ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ተነሺ፤ ጭቃ ላይ ብትቀመጪ ዳኛው እዚህ ድረስ አይመጣልሽም። ከልብስሽ አንድ ነገር ስጪኝ።»

«ልብሴን?»

«አዎ፣ ልብስሽን፤ ዕርቃንሽን ሂጂ አላልሁሽም። ነገ በእህል ጫኙ በገበየሁ ኢሱዙ ጉጉፍቱ ትደርሻለሽ፤ የወረኢሉ አውቶቡስ ወንበርሽን ይዞልሽ ይመጣል።»

«ወላሂ እሜቴ፣ አውቶቡስ ለድሃ ወንበር ይዞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ነገ ታያለሽ። ወንበር አለሽ አልሁሽ፤ አለቀ።»

የሀጀራ ሻሽ በራሷ ላይ ነበረ፤ በወንድ ፊት አትገልጠውም፤ ስለዚህ ከጥቅልሏ ዳሩ አረንጓዴ የሆነ ነጭ ጥምጣም አውጥታ ሰጠች። አውቶቡሱ እየተነሣ ስለነበር እመት ቦጋለች የማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ከሌሎቹ ጨርቆች ጋር ጠቅልለው ለረዳቱ ወረወሩለት፤ ከቀሩትም መንገደኞች ከፊሎቹን ጤፍ ጭኖ አጅባር በሚሄድ መኪና አሳፍረው፣ በአጅባር አውቶቡስ ደሴ እንዲገቡ ሸኟቸው።

አመሻሹ ላይ ሀጀራ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ሳለች እመት ቦጋለች ነገሩ ትዝ አላቸው።

«ያ ጥምጣም የሴት አይመስልም። የማን ነው?»

«የሟቹ ባለቤቴ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ደኅና ጨርቅ ነው፤ ከየት ገዛው?»

«መች ገዛው፤ አህመድ ነው ከጂዳ ሲመለስ ያመጣለት።»

እመት ቦጋለች የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«አህመድ? ያ ባለ መስኮቱ?»

«እሱው።»

«ውይ! ውይ እኔ ቦጋለች! ባለጋራሽ በተሳፈረበት አውቶቡስ በገዛ እጄ ላኩለት!»

የፈሩትም አልቀረም። በአገሩ ልማድ የሟች ልብስ ወንድም ልውሰደው ካለ የሚከለክለው የለም፤ ጉጉፍቱ ላይ የቦረናው ረዳት ጨርቆቹን ለሁዜይፋ ከማስረከቡ በፊት አህመድ ከወንበሩ ተነሥቶ ወረደ፤ «የወንድሜ ጥምጣም ነው፤ የሞተ ሰው ልብስ በመኪና በር ላይ ሲዞር ቆሜ ልይ?» አለ። ረዳቱ ሐቅ መስሎት ሰጠው። አህመድ ጨርቁ የማን ወንበር እንደሆነ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ራሱ ላይ ጠመጠመና ወደ ቦታው ተመለሰ። የሌሎቹ ጨርቅ ወረኢሉ ገባ፤ የሀጀራ ወንበር ግን ያለ ምልክት አደረ።

በዚያው ምሽት መካነ ሰላም ላይ አድማሴ ተጠርቶ መጣ። «ስልክ ቤቱ ተዘግቷል፤ ጧት እስኪከፈት ደግሞ ሁዜይፋ ከወረኢሉ ተነሥቷል» አለ። «እትዬ፣ አሁንስ ሴትዮዋን ወደ አገሯ ይስደዷት፤ ከርስዎ ምን ይፈለጋል?»

«ወንበር አለሽ ብያታለሁ።»

«ብለዋታል እንጂ ወንበሩን አልሠሩት!»

«አድማሴ፣ አንተ ትኬት ትቆርጣለህ እንጂ ቃል አትቆርጥም፤ ስለማታውቀው ነገር ዝም በል። ነገ አብሬያት እሄዳለሁ።»

«ሻይ ቤቱስ?»

«እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

በነጋታው ሁለቱ ሴቶች በገበየሁ ኢሱዙ፣ እህል በታጨቀባቸው ጆንያዎች ላይ ተቀምጠው ጉጉፍቱ ወጡ። ነፋሱ ዓይን አያስገልጥም ነበር፤ ሣሩ በጤዛ ተኝቷል፤ ቅርብ ያለው ሰው እንኳ በጉሙ ውስጥ ጥላ ይመስላል። እመት ቦጋለች ከባድ ጋቢያቸውን ደርበው ቆሙ፤ ሀጀራም አጠገባቸው ሆና ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ታደርጋለች።

«አብሽሪ» አሏት። «እየጸለይሽ ከሆነ ለኔም ጨምሪልኝ፤ የኔዎቹ ቅዱሳን ዛሬ ብርዱን ፈርተው ሳይቀሩ አይቀሩም።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ከሌላ መኪና የወረዱ ባለ ጨርቆች ስለነበሩ ቆመ። በሩን ከፍቶ የወረደው ረዳት ከሲታ፣ ሳቂታ ጐልማሳ ነበር። እመት ቦጋለች ቀረቡት።

«ሁዜይፋ ማለት አንተ ነህ?»

«አቤት፤ እርስዎስ ማን ይባላሉ?»

«ቦጋለች ነኝ።»

ሁዜይፋ እጅ ነሣ፤ ከዚያም ከላይ እስከ ታች አያቸው። «አሏሁ አክበር! እኔ እኮ በሐሳቤ ወፍራም ሴት ያደረግሁዎት!»

«እኔም አንተን ሰው ያደረግሁህ፤ ለካ ሸንበቆ ነህ። በል የዚህች ሴት ወንበር የታለ?»

ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። የደረሰው ጨርቅ ሁሉ ባለቤት ነበረው፤ ባዶ ወንበር አልነበረም። ከውስጥ ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ፤ አንድ ባለ ኮት «ቆማ ትሂድ፣ እንነሣ!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ቁምና እሷ ትቀመጥ!» አሉት እመት ቦጋለች በበሩ አንገታቸውን አስገብተው። ሰውየው ኮቱን ማስተካከል ጀመረ።

ሾፌሩም ተቆጣ። «ትርፍ ሰው አልጭንም። ኬላው ላይ ይቆጥሩናል፤ አንድ ሰው ቢበዛ ሁላችንንም ያስወርዱናል። ባይሆን ነገ ትምጣ።»

ነገ ሐሙስ ነው። ሀጀራ ነገሩ ገብቷት ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች፤ አላለቀሰችም፤ ብቻ ጥቅልሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ሁዜይፋ አያት፤ ከዚያም በሩ ሥር ያለችውን፣ እርሱ የሚቀመጥባትን ታጣፊ ወንበር አየ።

«ቁጥሩ እኔንም ይጨምራል?» አለው ሾፌሩን።

«ይጨምራል እንጂ፤ ምነው?»

«እንግዲያው እኔ ከቁጥሩ ወጣሁ። ጣራ ላይ ያለ ጭነት ነው፣ ሰው አይባልም።»

«አብደሃል? በዚህ ብርድ? ደርቀህ ነው የምትወርደው!»

«እሳቸው ወንበር አለሽ ብለዋታል፤ ወንበሩን የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። ጨርቅ ቢጠፋ ቃል ይጠፋል እንዴ?»

ሾፌሩ መሪውን በመዳፉ መትቶ በአገጩ ወደ ጣራው አመለከተ። ሁዜይፋ መሰላሉን ይዞ ወጣ፤ በበጎቹና በጆንያዎቹ መካከል ተሸጎጠ። እመት ቦጋለች ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ጠቀለሉና ወደ ላይ ወረወሩለት።

«ልበሰው! በግ ቢያመነዥግብህ ግን ከነበጉ ነው የማስከፍልህ!»

«እሜቴ፣ እርስዎስ ምን ሊለብሱ?» አለች ሀጀራ ከወንበሯ ላይ ሆና።

«እኔ ስሳደብ ይሞቀኛል። ሂጂ! ዳኛው ፊት ደግሞ ቀና በይ፤ መሬትሽን ልትጠይቂ ነው እንጂ ልትለምኚ አይደለም።»

አውቶቡሱ በጉሙ ውስጥ ገባ። እመት ቦጋለች ወደ ቦረና የሚመለስ መኪና እስኪያገኙ ድረስ፣ በስስ ነጠላ፣ ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር ተጠልለው ቆዩ፤ ከዚያም ቀን በኋላ ደረታቸው ደኅና ሆኖ አያውቅም፤ ሻያቸውን እያፈሉ፣ እየሳሉም፣ እየተሳደቡም ሌሎች ብዙ ሰዎችን በሰው ወንበር ሳይሆን በየራሳቸው ወንበር አስቀመጡ።

ሐሙስ ጧት ደሴ ላይ ችሎት ተሰየመ። አህመድ ቀድሞ ገብቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ስሟ ሲጠራ ዞር ብሎ በሩን እንኳ አላየም፤ እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበርና። «አለሁ!» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላው ሲሰማ ግን አንገቱ ሳይወድ ዞረ። ክርክሩ በዚያ ቀን አላበቃም፤ ምስክር ተጠራ፣ ሽማግሌ ተላከ፤ በመጨረሻ ክረምቱ ሳይጠና ማሳው ለሀጀራ ጸና፤ በዚያው ዓመትም ስንዴ ዘራችበት።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። መሬቱ ለምን እንደ ተሸጋሸገ፣ ማን እንደ ተጠቀመ፣ ማን እንደ ተጎዳ ተከራክረውበታል፤ የሹማምንቱ ስም ከነማዕረጋቸው ተመዝግቧል፤ ኋላም መንገዱ ሲጠገን፣ መኪናው ሲበዛ፣ የመረቀው ባለ ሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ሁዜይፋ ጂዳ ገብቶ በዚያው ቀረ፤ እመት ቦጋለችም በጊዜያቸው አረፉ፤ በዚያ በር የሚወጣና የሚገባው የዛሬ ሰው ስማቸውን ቢሰማ ማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ያቺ ሐሙስ የተጻፈችበት መዝገብ ግን ደሴ ላይ ከአቧራው ጋር ተቀምጧል፤ የሚያነበው ቢገኝ «አቤት ባይ ቀርባለች» ይላል፤ እንዴት እንደ ቀረበች የጻፈ የለም።