ሰው የሌለባቸው አራት ፎቶዎች

ምንትዋብ የመዋዕለ ሕፃናቱ ጸሐፊ ናት፤ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ መዝገብ ትይዛለች፣ ወላጅ ሲቆጣ ታባብላለች፣ ኮምፒውተር ነካ ነካ ስለምታደርግ ደግሞ የድረ ገጹም ሥራ እሷው ላይ ወድቋል። ደብረ ብርሃን ጉም ለብሳ ባረፈደችበት በዚያ ሰኞ፣ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ የሺመቤት የሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑን ተመለከቱ።

"ይሄ የማን ሜዳ ነው? ምዝገባ ሊጀመር ነው፣ የእኛን ልጆች አድርጊበት እንጂ!"

እውነታቸውን ነበር። ድረ ገጹ የተሠራበት ዝግጁ የገጽ ንድፍ ይዟቸው የመጣ አራት ፎቶዎች በገጹ አናት ላይ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። አራቱም የአንድ ሜዳ ፎቶዎች ናቸው፤ እርጥብ ሣር፣ ጉም፣ ዝገት የበላው ዥዋዥዌ፣ ሰው የሚባል የለም። ትምህርት ቤቱ ግን በኪራይ ቪላ ውስጥ ያለ፣ ዥዋዥዌ ቀርቶ ገመድ መዝለያ ቦታ የሌለው ጠባብ ግቢ ነው።

ክፍሎቹም አራት ናቸው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝና ቢጫ። ቢጫ ክፍል ውስጥ የምንትዋብ አንድያ ልጅ ኖላዊት አለች። ምንትዋብ የሰው ዓይን ስለምትፈራ የልጇን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥታ አታውቅም፤ ጠረጴዛዋ ላይ በፍሬም ያስቀመጠቻት አንዲት ፎቶ ትበቃታለች። ስለዚህ ከሰማያዊ ጀመረች። ሃያ ሁለት ልጆች ከአስተማሪያቸው ጋር ተደርድረው የተነሡትን ፎቶ በአንዱ የሜዳ ፎቶ ቦታ ልክ ቆረጠችና "ተካ" የሚለውን ተጫነች።

ከኮሪደሩ ማዶ ሰማያዊ ክፍል ፊደል እየቆጠረ ነበር። "ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ" ብሎ እዚያው ላይ ቀረ። አንድ ልጅ እንኳ አላስነጠሰም፣ አንድ ወንበር አልተንፏቀቀም፤ ከዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ዘይት የናፈቀው ብረት ሲወዛወዝ ተሰማት።

ሄዳ በሩን ስትከፍት የእርጥብ ሣርና የዝገት ሽታ ፊቷን መታት። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ዘበኛው ጋሽ ሽብሩ በዝግታ ይጠርጋሉ።

"ልጆቹስ ጋሽ ሽብሩ?"

"የምን ልጆች? ይሄ ክፍል ተከፍቶ ያውቃል እንዴ?" አሉ መጥረጊያቸውን ሳያቆሙ። "ይልቅ እነዚህን ማን እንዳመጣብኝ እንጃ።"

መስኮቱ ሥር ሃያ ሁለት ምሳ ዕቃዎች ተደርድረዋል። ምንትዋብ አንዱን ነካችው፤ ትኩስ ነው። ጋሽ ሽብሩ ተሸክመው ወሰዱና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለው፣ የተረሳ ዕቃ በሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ደረደሯቸው። ከቀትር በኋላ አንዲት እናት ትንሽ ሹራብ በክንዷ ይዛ በር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ ሹራቡን አገላብጣ አየችው፣ "ለምን ነበር የመጣሁት?" ብላ በራሷ ስቃ ተመለሰች። የልጆቹን ስም ቁልፉን ከተጫነችው ከምንትዋብ በቀር አንድም ሰው አያስታውስም። የድሮውን ፎቶ ልትመልስ ፈለገች፤ የለም፣ ሦስት ብቻ ቀርተዋል። አዲሱን ማጥፋት ደግሞ አልደፈረችም፤ ልጆቹ ያሉት እዚያ ብቻ ነውና። ጠዋት ወደ ካሜራው ይስቁ የነበሩት፣ አሁን ሁሉም ፊታቸውን ከፎቶው ውጪ ወዳለ አንድ ነገር አዙረዋል። ጸጉራቸው ረጥቧል።

ማክሰኞ ወይዘሮ የሺመቤት መጡ። "ዛሬ ቢጫን አድርጊ፣ እነሱ ናቸው ደም ግባት ያላቸው። ከከበደሽ እኔው እሞክራለሁ።"

"የለም፣ የለም! አረንጓዴ ይቅደም" አለች ምንትዋብ።

እናት ናት፣ ምን ታድርግ እንበል? አረንጓዴ ክፍል ውስጥም የአሥራ ዘጠኝ እናቶች ልጆች ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸውን ስም በገዛ እጇ መዝገብ ላይ ጽፋዋለች። እያወቀች ተጫነች። ረቡዕ ሮዝን ስትጫን ሁለቴ እንኳ አላሰበችም፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ግን ጠበቀች፣ ያንንም እንደ ደግነት ቆጠረችው። መደርደሪያው ሞላ። በቤቱ ውስጥ የቀረው የአንድ ክፍል ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ዥዋዥዌው ቀኑን ሙሉ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

ሐሙስ የቀረው ቢጫ ብቻ ነበር። ምንትዋብ ሥራዋንም ደመወዟንም ትታ ልጇን ይዛ ልትጠፋ ቆረጠች። ቢጫ ክፍል ገብታ ኖላዊትን አስነሣቻት፣ ሮዝ ክዳን ያለውን ምሳ ዕቃዋን በገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ኮሪደሩ ላይ ግን የልጅቱ ጫማ ማሰሪያ ተፈታና ልታስርላት ተንበረከከች።

"እማ፣ ልጆቹ ይጠሩኛል" አለች ኖላዊት።

"የትኞቹ ልጆች?"

"ጸጉራቸው የረጠበው።"

ምንትዋብ እጇን አፈፍ አደረገቻት። ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ከቢሮው የወይዘሮ የሺመቤት ደስ ያለው ድምፅ መጣ።

"ምንትዋብ! ድካምሽን ቀነስኩልሽ! የሰው ልጅ ስታሳምሪ ሰነበትሽ፣ የራስሽን ልጅ ፎቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደብቀሽ። ዛሬ የአንቺዋ ብቻዋን ትውጣ ብዬ፣ ይኸው በስልኬ አንሥቼ..."

ምንትዋብ ኮሪደሩ መሐል ቆማ ራሷን አገኘችው። ግራ እጇ ተዘርግቷል፣ ጣቶቿ የሆነ ነገር እንደያዙ ታጥፈዋል። ምን ልታደርግ እንደወጣች ጠፋት። ቢጫ ክፍል ፊደል ይቆጥራል፣ እርጥብ ሣር ይሸታል፣ አየሩም ቀለል ያለ ነው። ወደ ቢሮ ተመለሰች።

ወይዘሮ የሺመቤት ወንበሯ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው ማውሱ ላይ እንዳለ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ስክሪኑን ያያሉ።

"ልጅሽ... ምንትዋብ፣ ልጅሽ!"

"የማን ልጅ?" ብላ ሳቀች። "እኔ ደግሞ መቼ ወለድኩና?"

ሴትየዋ ማልቀስ ሲጀምሩ ደነገጠች፤ ውሃ ልታመጣላቸው ስትዞር ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ፍሬም አየችው። ጉም፣ ሣር፣ ሰው የሌለበት ዥዋዥዌ። ማን እዚህ እንዳስቀመጠው ገርሟት ወደ መሳቢያው ከተተችው። ቦርሳዋም ከበዳት፤ ብትከፍተው ሮዝ ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ ነው፣ ገና ትኩስ። የትኛዋ ግድ የለሽ እናት ትሆን የረሳችው እያለች ወስዳ መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠችው።