የኤገን ሁለት ጥቅሎች

ኤገን ፍሌክ የሞተው እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ነው። አንዱን ጫማ አውልቋል፣ ሌላውን አላወለቀም። ሐኪሙ ዓይኑን ሲከድንለት ሚስቱ ሂልትሩድ ወጥ ቤት ገብታ የምሳውን ሳህን ማጠብ ጀምራ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ በእኛ መንደር አስፓራገስ የሚባለውን፣ ለጋ አገዳው የሚበላ አትክልት ከሚያመርቱት ሁሉ ሰፊው መሬት የእሱ ነው፤ ልቡ ደግሞ ከታመመ ቆይቷል። ስለዚህ ያው የልብ ነገር ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን ሟቹ ያስመለሰውን አየና ለፖሊስ ስልክ ደወለ።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ማክሰኞ ደረሰ። በሟቹ ሆድ ውስጥ «የግንቦት ደወል» የምንለው ተክል ቅጠል ተገኘ። አበባው ነጭና ጥቃቅን ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ቅጠሉ ግን ልብ ያቆማል። ክፋቱ ይህ ቅጠል በየፀደዩ ጫካ ገብተን ለቅመን ከምንበላው የጫካ ነጭ ሽንኩርት ጋር ቁርጥ አንድ መሆኑ ነው። በየጥቂት ዓመቱ አንድ ሰው ይሳሳታል፣ ይቀበራል፣ ወሬው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። እኛም በሚቀጥለው እሑድ ቅርጫታችንን አንጠልጥለን ጫካ እንገባለን።

ለቃሚ ሁሉ ቅጠሉን በጣቱ ጨምቆ ያሸታል፤ ነጭ ሽንኩርት ካልሸተተው ይጥለዋል። ሂልትሩድ ግን ከሁለት ክረምት በፊት ክፉ ጉንፋን ይዟት ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸታትም። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ቤት የተሰለፈው ሰው ዳቦውን ሳይገዛ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ምስኪኗ ሂልትሩድ ባሏን በስሕተት ገደለችው። ሂልትሩድም ያመነችው ይህንኑ ነበር።

መርማሪ አዴልሃይድ ክኖፕ ረፋዱ ላይ መጣች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወፈር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። የአስፓራገስ ገበሬ ልጅ ስለሆነች ወጥ ቤት ስትገባ እንደ እንግዳ አትገባም። የመንደሩ ፖሊስ ዴትሌፍ በር ላይ ተቀበላት።

«ይሄ እኮ ያለቀ ነገር ነው» አላት። «ሴትየዋ አታሸትም። ወረቀቱ ላይ መፈረም ብቻ ነው የቀረው።»

«ሳህኖቹን በሙሉ አጠበቻቸው?»

«የሁሉንም አጥባለች። የእሱን ግን ከእጇ ነጥቄ፣ ከነትርፍራፊው ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። እኔም እኮ ዝም ብዬ አልተቀጠርኩም።»

«አየሁ» አለችው። ዴትሌፍ ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባውም።

ሂልትሩድ ወጥ ቤት ተቀምጣ ንጹሕ ጠረጴዛ ትወለውል ነበር። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የጣቶቿ መገጣጠሚያ በሪህ አብጦ ጣቶቿ ተጣመዋል።

«ወይዘሮ ፍሌክ፣ የእሑዱን ምግብ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። እንደሚያስተምሩኝ አድርገው።»

«ምኑ ይነገራል። ሦስት ሦስት አረንጓዴ አስፓራገስ ወስጄ የፈላ ውኃ አስነካዋለሁ። አንድ የጫካ ሽንኩርት ቅጠል አለብሰዋለሁ። በላዩ ስስ የተጨሰ የአሳማ ሥጋ እጠመጥምበታለሁ። ጫፉን ወደ ታች አድርጌ መጥበሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ እንዲያ ካልሆነ ይፈታል። ከበግ ጥብስ ጎን ነው የሚቀርበው።»

«ስንት ጥቅል ሠሩ?»

«ዐሥር። አምስት ሰው ነን፣ ሁለት ሁለት።»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው?»

«የኤገን ይለያል። ጨው ተከልክሏል። የእሱን የአሳማ ሥጋ አስቀድሜ ቀቅዬ ጨዉን አወጣለታለሁ። እንዳይቀላቀል ደግሞ የእሱን ሁለቱን በባሮ ሽንኩርት ቅጠል አስራቸዋለሁ፤ የሌላውን በስንጥር እወጋዋለሁ። ቤተሰቡ ሲስቅበት ነው የኖረው፤ ‹ንጉሡ ቀበቶውን ታጥቋል› ይሉታል።»

«ቅጠሉን እንዴት ለቀሙት? አያሸቱም አሉ።»

ሂልትሩድ እጇን ገልብጣ አየችው። «በጣቴ ነው። የጫካ ሽንኩርት እያንዳንዱ ቅጠል በራሱ አገዳ ከመሬት ይወጣል። የግንቦት ደወል ግን ሁለቱ ቅጠል ከአንድ ግንድ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እየዳሰስኩ ከነአገዳው እቀነጥሰዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ስለቅም አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ዘንድሮ ጣቴም ከዳኝ ማለት ነው።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋ የድንች ዋጋ የምትናገር ሴት ድምፅ ነበር። አላዘነችም፣ አልፈራችም፤ ከእሑድ ጀምሮ ምንም ነገር አልተሰማትም።

«አገዳዎቹንስ ምን አደረጓቸው?»

«ቆርጬ አስቀረኋቸው። ከትፌ አይብ ውስጥ ልጨምራቸው ነበር። ምድር ቤት በጎድጓዳ ሳህን አሉ። አሁን ማን ይነካቸዋል?»

አዴልሃይድ ጉልበቷን እየረገመች ደረጃውን ወረደች። ሳህኑ መደርደሪያ ላይ ነበር። የጠወለጉትን አገዳዎች እያንዳንዳቸውን ሰበረች፣ አሸተተች። ዐሥር ነበሩ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንደገና ቆጠረቻቸው።

ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ጥቅሎቹ ተሠርተው እስኪጠበሱ ድረስ የት ነበሩ?»

«ምድር ቤት፣ ጨርቅ ለብሰው። በጠዋት ሠርቼ እኔና ኤገን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከዚያ ቀትር ላይ እኔው ጠበስኳቸው።»

በዚያ መሀል ምድር ቤት የወረዱት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ታናሽ ወንድም ሎታርን ነው፤ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፣ አፉ አያርፍም።

«ወይኑን ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ኤገን ቢይዘው ኖሮ ይሰብረው ነበር። ወንድሜ ነው፣ ግን እጁ እጅ አልነበረም።»

«ትጣሉ ነበር?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ! እሱማ እኔ እስክመጣ ድረስ ሰላም ነበረው።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋበት። «ማክሰኞ የታችኛውን መሬት ለጠጠር ቆፋሪዎች ሊሰጥ ሊፈርም ነበር። የልጁን የፎልከርን አዲስ ማሳ ጭምር። አስፓራገስ ተክለህ ሦስት ዓመት ሳትነካው ትጠብቃለህ፤ ልጁ የመጀመሪያውን ምርት ሊቆርጥ ገና በዚህ ግንቦት ነው። ‹አንተ ሰው፣ ተው› አልኩት። እሱ ሰው የሚለውን መች ይሰማል?»

«ምሳ ላይ ምን ተባለ?»

«ምንም። ኤገን ‹ዛሬ ደግሞ ሽንኩርቱ የት ገባ፣ ምንም አይጣፍጥም› ብሎ አጉረመረመ። እሱ እንደሆነ ሁልጊዜ እንዳጉረመረመ ነው።»

አዴልሃይድ ይህን ጻፈችው።

ፎልከር አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ማሳው ዳር ቆሞ ነው ያናገራት።

«እሑድ ምድር ቤት ወርደሃል?»

«ሣጥን ላወጣ።»

«በአባትህ ተናደህ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን ያህል?»

«ሦስት ዓመት ያህል» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

የፎልከር ሚስት አንኬ ወይን ከሚበቅልበት ከላይኛው መንደር የመጣች ናት። ለመርማሪዋ ሳትጠየቅ ውኃ ቀዳችላት።

«ድንች ላመጣ ወርጃለሁ» አለች። «እባክዎ እማማን አያስጨንቋት። ሰው ይሳሳታል። በስሕተት የሚታሰር የለም አይደል?»

«ዐቃቤ ሕጉ እንደማይሸታት እያወቀች ለምን ለቀመች ካለ ይከሳታል። ሊፈረድባትም ይችላል።»

አንኬ የያዘችው ማሰሮ ጠረጴዛውን መታ። «በሽተኛ ሴት? በስሕተት?» አለች። መርማሪዋ ማሰሮውን አየት አድርጋ ውኃዋን ጠጣች።

ከዚያ ጓሮ ወጣችና የቆሻሻውን ክምር በእንጨት ስትገላብጥ ቆየች። ከድንች ልጣጭ ሥር ሁለት ቅጠል አገኘች፤ አገዳቸው ተቆርጧል፣ ራሳቸው ቅጠሎቹ ግን ሙሉ ናቸው። ስታሸታቸው የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ዓይኗን አስነባው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ዴትሌፍን በር ላይ አቁማ የቤተሰቡን አራት ሰዎች ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ አስፓራገስ፣ የአሳማ ሥጋና በፈላ ውኃ የለሰለሰ የባሮ ሽንኩርት ቅጠል ተቀምጧል።

«እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጥቅል ሥሩልኝ» አለች። «እንደ ኤገን አድርጋችሁ እሠሩት።»

«ነገ የምንቀብረው ሰው አለ እኮ» አለ ሎታር።

«ለዚያው ነው።»

ሠሩ። ሂልትሩድ ቅጠሉን ሁለት ጊዜ ጠምጥማ ጫፉን ከሥር ወሸቀችው፤ የተጣመሙ ጣቶቿ ቋጠሮ አይችሉም። ፎልከር የጆንያ አፍ እንደሚያስር ሰው አጥብቆ ቋጠረውና ቅጠሉ ተበጠሰ። ሎታር የፖስታ ጥቅል አስመስሎ በመስቀል አሰረው። አንኬ ሁለቱን ጫፎች ይዛ በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ አጠማዘዘችና ጫፉን ወደ ኋላ መልሳ አጠፈችው። አንድ አፍታ አልፈጀባትም። ከዚያ እጇ ቆመ። ፈታችውና እንደ ባሏ ትቋጥረው ጀመር።

«ለምን ፈታሽው?» አለቻት አዴልሃይድ።

«አላማረኝም።»

«ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር።» መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ፍሌክ ዐሥር ቅጠል ለቅመው ዐሥር አገዳ ቆረጡ። ዐሥሩም አሉ፤ ሁሉም የጫካ ሽንኩርት ናቸው። ስለዚህ በጠዋት ጥቅሎቹ ሲሠሩ ውስጣቸው አንድም መርዝ አልነበረም። ቀትር ላይ ግን የኤገን ውስጥ ነበረ። የሽንኩርቱ ጣዕም የጠፋበትም ለዚህ ነው። የወጡት ሁለት ቅጠሎች ደግሞ ጓሮ ተጥለው አገኘኋቸው። በመሀል አንድ ሰው ምድር ቤት ወርዶ፣ ቀበቶ የታጠቁትን ሁለቱን ፈታ፣ ቅጠሉን ለወጠ፣ መልሶ አሰረ።»

«እኔ ስጠብስ እንዴት አላየሁም?» አለች ሂልትሩድ። ከዚያ ራሷ መለሰች። «እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፍኖት ነበር።»

አዴልሃይድ የዴትሌፍን ከረጢት ከፈተችና ሳህኑን አወጣች። ኤገን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የባሮ ሽንኩርቱን ቅጠል ሳይበላ ወደ ዳር ገፍቶታል። ሁለቱም ጭራሮ ሆነው ደርቀዋል። የሁለቱም ጫፍ በአንድ በኩል ተጠማዝዞ ወደ ኋላ ታጥፏል።

«ይሄ አስተሳሰር የማን ነው?» አለች።

የመለሰው ሎታር ነው፤ ቀስ ብሎ። «የወይን ሰዎች ነው። በፀደይ ሐረጉን በአኻያ ቀንበጥ ሲያስሩ እንዲያ ያጠማዝዙታል። እኛ እዚህ ታች አናውቅበትም።»

«ስንት ዓመትሽ ነበር ስትጀምሪ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ስድስት» አለች አንኬ። ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። «እንዳይፈርም ብቻ ነው የፈለግኩት። ታሞ ቢተኛ ይበቃኝ ነበር።»

«ልቡ በሽተኛ መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

ፎልከር አልተነሳም፣ አልጮኸም። «ለእኔ ብለሽ ነው?» አላት።

«ሦስት ዓመት በጉልበቴ ተንበርክኬ አረም የነቀልኩት እኔ ነኝ ፎልከር። ለማሳው ነው።» ወደ አማቷ ዞረች። «እማማ፣ ስሕተት ነው ይላሉ ብዬ ነው። ማንም አይወቅሳትም፣ ትንሽ አልቅሳ ይወጣላታል ብዬ ነው።»

ሂልትሩድ ቀና ብላ አየቻት። «እሱ ሲያቃስት አብረሽኝ እግሩን ታሺለት ነበር» አለቻት። ክርክር አልነበረም፤ የሆነውን መናገር ብቻ ነው። አንኬ አንገቷን ደፋች።

ዴትሌፍ ይዟት ሲወጣ ፎልከር እስከ በሩ ተከተላቸው፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋበትና ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። አዴልሃይድ ቦርሳዋን ማሰር ጀመረች።

«መርማሪዋ» አለች ሂልትሩድ። «ዐሥሩም ትክክል ነበሩ?»

«ዐሥሩም። ጣትዎ አልተሳሳተም።»

«ሌሊት ሌሊቱን ይቅር በለኝ ስለው ነው የሰነበትኩት። ሌላ ምንም አላልኩትም። ገዳዩ ሆኜ ናፈቅከኝ ልለው አፈርኩ።»

አዴልሃይድ ቦርሳውን አስቀመጠችው። ሎታር ቀልድ ፈልጎ አጣና የወንድሙን ሚስት ትከሻ ያዘ። በዚህ ጊዜ ሂልትሩድ በሁለት እጇ የያዘችውን አፏን ለቀቀች። ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ አለቀሰች። ባሏ የሞተው እሑድ ነው፤ እሷ ግን መርዶውን የሰማችው ያን ሐሙስ ቀትር ላይ ነው።