የአንድ ግንድ ልጆች

«ጧ!»

ደጋኑ መፈተኛው ምሰሶ ላይ እንደታሰረ ለሁለት ተሰበረ። አንዱ ስባሪ ተፈናጥሮ ጣሪያውን መታና ወደቀ። በትንሽነቷ «ድንቢጥ» የሚሏት ልጅ የምትስበው ገመድ ከእጇ አምልጧት ክው ብላ ቀረች። ጆሮዋን አስጠግታ የእንጨቱን ድምፅ ታዳምጥ የነበረችው እናቷ ግንባሯን ይዛለች፤ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል።

«እማ! ዓይንሽን ነው?»

«ዓይኔ ደህና ነው፤ ቅንድቤን ነው የጫረኝ። ይልቅ ጨርቅ አቀብይኝ። የተመታሁት እኔ፣ የምትንቀጠቀጪው አንቺ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ድንቢጥ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን አጠገቧ ያለውን ጨርቅ ፍለጋ ክፍሉን ዞረችው።

እናቷ ደጋን ሠሪ ናት፤ ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያለቁትን በመፈተን ታግዛታለች። ደጋኑ ምሰሶው ላይ ይታሰራል፤ ጅማቱ በገመድ ቀስ እያለ እስከ ቀዩ ምልክት ይሳባል፤ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና፣ ክንድ እስኪዝል ድረስ። ቀዩን ምልክት ደጋግሞ የቻለ ይሸጣል። ይሄኛው ግን ወደ ምልክቱ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ፣ ያውም በመጀመሪያው ስበት ጉድ አደረጋቸው።

በሩ አጠገብ ለሂሳብ ፈተና አብሯት ሊያጠና የመጣ የክፍል ጓደኛዋ ተቀምጧል። ከአፉ ፉጨት ስለማይለይ ስሙም ፉጨት ሆኖ ቀርቷል። አሁን ከንፈሩ አመድ መስሏል። ድንቢጥ አየችው፤ እሱ ደብተሩን አየ። ያን ጊዜ ልቧ ስንጥቅ አለ።

ትናንት በምሳ ሰዓት፣ እናቷ ሳታውቅ፣ ይህን ሥራ ቤት ከፍታ ፉጨትን ያስገባችው እሷው ናት። ውኃ ጠጥታ ስትመለስ ፉጨት ይህንኑ ደጋን ይዞ ቆሟል፤ ጅማቱ ገና ይርገበገባል፤ ፍላጻ ግን የትም የለም። ደጋን ያለ ፍላጻ ተስቦ ከተለቀቀ፣ ፍላጻውን ይወረውር የነበረው ጉልበት ተመልሶ ራሱን ደጋኑን ይመታዋል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ድንቢጥ ይህን ያወቀችው ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው።

«በባዶው ለቀቅከው እንዴ?» ብላው ነበር።

«ኧረ በናቴ! ነካ ነው ያደረግኩት። አታካብጂ ባክሽ!»

ማመን ስለፈለገች አመነችው።

እናቷ ጨርቁን ቅንድቧ ላይ ይዛ ስባሪውን አገላበጠች። «ግማሽ ሳይደርስ! እንጨቱ በሽተኛ ነው ማለት ነው» አለችና መጥረቢያውን አነሣች።

«እማ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«የማደርገውን ታውቂያለሽ። የአንድ ግንድ ልጆች ናቸው።»

ታውቃለች። ከአንድ ግንድ የወጡ ደጋኖች በዚህ ቤት እንደ ወንድማማች ነው የሚቆጠሩት፤ አንዱ ከምልክቱ በታች ከተሰበረ የቀሩት ሳይሸጡ ይፈለጣሉ። አያቷ ድሮ የተሰበረ ደጋን ወንድም ሸጠው፣ እሱም ተሰብሮ የገዢው ዓይን ጠፍቷል፤ ሕጉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ደጋኖች ሁሉም ከዚያው ግንድ የወጡ፣ የዓመት ሙሉ ልፋት ናቸው። እናቷ ግን መጀመሪያ ያወረደችው ለትምህርት ቤቱ ውድድር የሠራችላትን የድንቢጥን ደጋን ነበር።

«ለልጇ አዳላች እንዳልባል» አለች። ሳቅ ልትል ፈልጋ እንባዋ ቀደማት።

ድንቢጥ እናቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ከእናቷ ጀርባ ፉጨት ራሱን ይነቀንቃል፤ አፉ ያለ ድምፅ «እባክሽ» ይላል።

ደጋኑን ከእናቷ እጅ ነጠቀችው። ምሰሶው ላይ አሰረችው፤ ጆሮዋን እንደ እናቷ አስጠግታ ገመዱን ሳበች። ግማሹን አለፈ። ቀዩ ምልክት ላይ ደረሰ። ቀዩንም አለፈ።

«ልጄ! አበድሽ?» መጥረቢያው ከእናቷ እጅ ወደቀ። «እንዳትለቂው! ቀስ… ቀስ ብለሽ መልሽው!»

ቀስ ብላ መለሰችው። እንጨቱ ጭጭ እንዳለ ነው። እናቷ መጀመሪያ የልጇን ፊት፣ ቀጥሎ ደጋኑን ዳበሰች። 

«እኔ ያላመንኩትን እንጨት» አለች፣ «አንቺ በምን አመንሽው?»

ፉጨት ደብተሮቹን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ተነሣ። ድንቢጥ ወደ እሱ አልዞረችም። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የሥራ ቤቱን ቁልፍ አውልቃ እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ትናንት በምሳ ሰዓት በሩን ከፍቼ ነበር» አለች። «እንጨቱ አልታመመም፣ እማ። ያ ደጋን በባዶው ተለቋል።»

እናቷ ቁልፉን ጨበጠች። «ማነው የለቀቀው?»

ድንቢጥ ይህን መልስ ለጥፋቱ ባለቤት ተወችለት። በሩ ጋ የደረሰው የፉጨት ኮቴ ቆመ። ከዚያ ቦርሳ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።