የምንጭ ልብ ጠባቂ

በሳርዋን መንግሥት ጠባቂ ብርቅ አልነበረም። የከተማውን በር የሚዘጋው ጠባቂ ይባላል፤ የወህኒ ቁልፍ ያንጠለጠለው ጠባቂ ይባላል፤ ወላጅ አልባ ልጅ ያሳደገም ያው ጠባቂ ነው። ከሁሉም የተከበረችው፣ ከሁሉም ብቸኛዋም፣ የምንጭ ልብ ጠባቂ አዜባ ነበረች።

የምንጭ ልብ የአገሩን ምንጭ ሁሉ የሚያፈልቅ ዕንቁ ነው። ያየው ሁሉ ይመኘዋል ይባላልና ሕጉ ጥብቅ ነበር፤ ጠባቂዋ ፊቷን ወደ በሩ፣ ጀርባዋን ወደ ዕንቁው አድርጋ ትቀመጣለች እንጂ ዘወር ብላ አታይም። የሚያናግራትም የለም። ከሕፃንነቷ ያሳደጓት የወህኒ ጠባቂው አባ ድንበሩ ብቻ ሕግ ጥሰው ደጃፉ ላይ ይቆሙና፣ «አንቺ ልጅ፣ እስረኞቼ እንኳ ካንቺ ይሻላሉ፤ ተጣልተውም ቢሆን ይጫወታሉ!» ይሏታል። መሳቅ አይፈቀድላትምና በሆዷ ትስቃለች።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ዘወትር ጀርባዋን የሚያሞቃት ሙቀት ድንገት ጠፋ። ብርድ ብርድ አላት። ዘወር ስትል ወለሉ ተቦርቡሮ ባዶ ጉድጓድ አየች። ምድር እየሰረሰረ የሚያበራና የሚሞቅ ነገር ሁሉ የሚያከማቸው ጉርማ የተባለው አውሬ ዕንቁውን ወስዶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምንጮቹ ነጠፉ፤ ከብቱ ጭቃ ይልስ ጀመር።

ንጉሥ ሠርጸ ሸንጎ ተቀምጠው፣ «ለመሆኑ ዕንቁው ምን ይመስላል?» ሲሉ ጠየቁ። ሊቃውንቱ እርስ በርስ ተያዩ። ክብ ነው ያለ አለ፤ ቀይ ነው ያለም አለ። ጉድ እኮ ነው! ያን ሁሉ ዘመን ሲጠበቅ የኖረውን ነገር መልኩን የሚያውቅ አንድ ሰው ታጣ።

አዜባ ተንበረከከች። «ንጉሥ ሆይ፣ በእኔ እጅ ጠፍቷልና ፈላጊውም እኔ ነኝ። የምንጭ ልብን ሳልይዝ ብመለስ ውሃ ይንሳኝ፤ ስሞትም ምድር አትቀበለኝ!»

አባ ድንበሩ የወህኒውን ቁልፍ ንጉሡ እግር ሥር አኖሩ። «ብቻዋንማ አትሄድም» አሉ። «የእሷም ጠባቂ እኔ ነኝ።»

አሮጌ ጦራቸውን ይዘው ተከተሏት። በደረቁት ሸለቆዎች የጉርማን ዱካ ሲከተሉ፣ ሽማግሌው ኮዳውን ወደ እሷ እየገፉ፣ «እኔ ጠጥቻለሁ» ይሉ ነበር። ከንፈራቸው ግን ተሰነጣጥቋል።

«አባባ፣ ውሸት አይሆንልዎትም።»

«ሚስቴም ይህንኑ ትለኝ ነበር። በይ ጠጪ።»

የጉርማ ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ዐይናቸው ተጭበረበረ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ድንጋይ እንደ እህል ተከምሯል። አዜባ የሚያበራውን ሁሉ እያነሣች ጣለች፤ በመጨረሻም ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ያህል ዓመት አብራው ኖራ አታውቀውም። ያን ጊዜ ያ ብርድ ትዝ አላት።

«ዐይኔ ባያውቀው ጀርባዬ ያውቀዋል» አለች። ፊቷን ወደ ዋሻው አፍ መልሳ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ወደ ክምሩ ገባች። ጉርማም ከክምሩ ማዶ እያጉረመረመ ተነሣ።

«ዞር እንዳትይ!» ብለው ጮኹ አባ ድንበሩ፣ በአጠገቧ እየሮጡ ሲያልፉ። «ሙቀቱን ብቻ ፈልጊ። ከኋላሽ ያለው የእኔ ጉዳይ ነው!»

ጦር ከቅርፊት ሲጋጭ ሰማች። ሽማግሌው ሲያቃስቱ ሰማች። አንገቷ ልዙር ልዙር አላት፤ ብትዞር ግን ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ነው። ጥርሷን ነክሳ እያነባች ተራመደች። በመጨረሻ ያ የለመደችው ሙቀት ትከሻዋ መሀል ዐረፈ። እጇን ወደ ኋላ ልካ ጨበጠችው፤ ተራ የወንዝ ጠጠር የሚመስል ግራጫ ድንጋይ ነበር። ስትዞር ጉርማ ጦሩን ጉሮሮው ውስጥ እንደ ያዘ ሞቷል። አባ ድንበሩም ትንፋሻቸው ቆሟል።

ዕንቁው ቦታው በተመለሰ ዕለት ምንጮቹ ፈለቁ፤ ነጋሪት ተጎሰመ፤ አገር በእልልታ ቀለጠ። ንጉሡ አዜባን ከጎናቸው አስቀምጠው አዝማሪዎቹን አስጠሩ።

«አባ ድንበሩ እንዴት እንደ ተዋጉ፣ በመጨረሻዪቱ ሰዓት ፊታቸው ምን ይመስል እንደ ነበር ንገሪን። ለልጅ ልጅ ይዘመርላቸው።»

እልልታው ቆመ። ሁሉም አፏን አፏን ያያት ጀመር።

«አላየሁም» አለች አዜባ። «ንጉሥ ሆይ፣ አባቴ ሲሞቱ አላየኋቸውም።»