የተሰቀለ ዳቦ

«የተሰቀለ ዳቦ ይኖር ይሆን፣ ኡስታ?»

ድምፁ የመጣው ከሰልፉ ፊት ነው። ዝግ ያለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚናገር ሰው ድምፅ። ከጓደኛዋ ከጉልሼን ጋር እየተሳሳቀች የነበረችው ኤልቫን ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ከፊቷ የቆመው ግዙፍ ሰውዬ ስለጋረዳት ተናጋሪውን ገና አላየችውም። ግን ያን ድምፅ ለማወቅ ማየት አያስፈልጋትም፤ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት እሱ ነው።

አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። አባቷ ነው፤ ቱንጃይ። የፎጣ ፋብሪካው የጥጥ ብናኝ ካፖርቱ ትከሻ ላይ እንደ አመዳይ ተኝቷል። ይህ ዳቦ ቤት ለእሷ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው እንጂ ከሰፈራቸው በአውቶቡስ ነው የሚመጣው።

«የለም ወንድሜ» አለ በሙያ ጌታነቱ ሁሉም ‹ኡስታ› የሚለው ጋጋሪው ሩስቴም፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ባዶ ቅርጫት በአገጩ እያመለከተ። «ትንሽ ቆየት በል እስኪ፤ አንድ ደግ ሰው አይጠፋም።»

አባቷ አመስግኖ ሲወጣ ኤልቫን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ያዘች። በረንዳው ጥግ ሄዶ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆመ።

«አንቺ፣ አባትሽ አይደሉም እንዴ?» አለች ጉልሼን።

«ዝም በይ!» ክንዷን ቆነጠጠቻት።

በሰፈራቸው ዳቦ ቤት ለሌላ ሰው ዳቦ የሚያሰቅለው እሱ ነበር። ደመወዝ በወጣ ቁጥር ኤልቫንን እጇን ይዞ ይሄድና የአምስት ዳቦ ይከፍላል። አንዱን ይዘው ይመለሳሉ፤ የቀረው፣ ዋጋው የተከፈለበት፣ ለሌለው ሰው ግድግዳው ላይ ባለው ቅርጫት ይሰቀላል። ማን እንደሰቀለ አይነገርም፤ ማን እንደወሰደም አይጠየቅም። «ለምን ስማችንን አንነግራቸውም?» ብላው ነበር በልጅነቷ። «ስም ያለው ዳቦ ጉሮሮ ላይ ይቆማል» አላት።

ያኔም የሚከፈለው ዝቅተኛውን ደመወዝ ነበር፤ ዛሬም እሱኑ ነው። ቁጥሩማ በየዓመቱ አድጓል። ባለፈው ታኅሣሥ አዲሱ ጭማሪ በቴሌቪዥን ሲነገር ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። አባቷ ብቻ ሻዩን እያማሰለ፣ «ደሞዛችን በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ዋጋ ግን በፈረስ ቀድሞ በር ላይ ይጠብቀዋል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጭማሪው እጁ ሳይገባ ኪራዩ ጨመረ፣ ዘይቱ ጨመረ፣ አይቡ ከገበታ ጠፋ። ከዓመት ዓመት አምስቱ ዳቦ ሦስት፣ ሦስቱ አንድ ሆኖ ነበር፤ በዚህ ክረምት ደግሞ አባቷ ዳቦ ቤት አብሯት መሄዱንም ተወ። የደከመው መስሏት ነበር።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ኤልቫን ኪሷ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ጨበጠች። ለፈተና መለማመጃ መጽሐፍ ብሎ አባቷ ጠዋት የሰጣት ነው። ቅድም የመጽሐፍ መደብሩ ሰውዬ «ያ የባለፈው ሳምንት ዋጋ ነው፣ እህቴ» ብሎ መልሷታል። ጉልሼን ግን የጎደለውን ነገ ልትሞላላት ቃል ገብታለች።

ከየት አምጥቶ እንደሰጣት አሁን ገባት። ከዳቦው ላይ አንስቶ ነው።

ወጥታ «አባዬ!» ብትለውስ? ገንዘቡን እጁ ላይ ብታስቀምጥለትስ? ጀርባውን አየችው። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው።

«ስንት ልስጥሽ፣ ልጄ?»

«በዚህ ሁሉ ይስቀሉልኝ፣ ኡስታ» አለች ኤልቫን ገንዘቡን እያስቀመጠች።

«በሁሉም?»

«በሁሉም። የነገም፣ የከነገ ወዲያም ይሁን። ብቻ ‹የለም› አይበሉ።»

«ጀዝበሻል እንዴ?» አለች ጉልሼን በሹክሹክታ። «መጽሐፉስ? ፈተናው እኮ ደረሰ!»

ኤልቫን ጎትታት ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ አስገባቻት።

«የተሰቀለ አለ!» ሲል ተጣራ ሩስቴም ኡስታ ወደ በረንዳው።

አባቷ ገባ። ቅርጫቱን አየና ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

«ሁለት ውሰድ፣ ሞልቷል።»

«አንድ ይበቃል፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖራል። የሰቀለውን ሰው አላህ ይስጠው።» ትኩሱን ዳቦ ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረደ።

ጉልሼን ከጆንያዎቹ ጀርባ ወጣች። «በምን ልታጠኚ ነው አሁን?»

ኤልቫን ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ማቆሚያው በስተቀኝ ነው፤ እሷ በስተግራ፣ በእግር ብዙ ወደሚያስኬደው ወደ ዳገቱ መንገድ ታጠፈች።

«ኤልቫን! አውቶቡሱ እኮ በዚህ ነው! የት ነው የምትሄጂው?»

አባቷ ሳያያት፣ ዳቦውን ይዞ ቀድሟት ቤት ይግባ። ቀስ እያለች ዳገቱን ወጣች።