መሃለኛዎቹ ሃያ ቀናት

«ሙቀቱ ነው እንጂ እሷ ምን ታድርግ፣ አባ» አለች ሐመልማል።

ማንም አልጠየቃትም ነበር። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ትልልቅ ሰዎች ሲጫወቱ ውኃ ታቀርባለች፣ ሳህን ታነሳለች፣ ከዚያ ዘወር ትላለች፤ ደንቡ ይኸው ነው። እሷ ግን ሳህኑን እንደያዘች ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ተገትራ ቀረች። አንዴ ከአፏ ወጥቷል፤ የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

ጣጣውን ያመጣው የአባቷ ታላቅ ወንድም አያ እንዳለው ነው። የሰሊጥ ሥራ እስኪጀመር ወንድሙ ቤት ሊያርፍ ከመተማ በገላባት ተሻግሮ ሱዳን ያለው የስደተኞች ካምፕ፣ ኡም ጋርጉር የገባው ትናንት ነበር። ዛሬ ምሳ ቀርቦ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ዓይኑ የእናቷ ሆድ ላይ አረፈ። እናቷ እናትነሽ አራተኛ ወሯን ይዛለች። አያ እንዳለው ሦስት ሴት የወለደች አራተኛዋንም አትስትም አለ። ወንድ የሌለው ቤት ምሰሶ የሌለው ጎጆ ነው አለ። አገር ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች አንዲት ልጅ እንዳለች፣ አባቷ ስንሻው ሽማግሌ ቢልክ ቤተሰቦቿ እንደማይጠሉም አከለበት።

ይህን ሁሉ የሚያወራው እናትነሽ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነው። እናትነሽ «ዝም አይነቅዝም» የምትል ሴት ናት። ነጠላዋን ብቻ ሆዷ ላይ ሳብ አደረገች። የሐመልማልን አንጀት የበላው ይኸው ነበር።

አባቷ ስንሻው ክፉ ሰው አይደለም። ሦስቱንም ሴት ልጆቹን፣ ሐመልማልን፣ ፋናዬንና ትንሿን ማሬን፣ በየተራ ትከሻው ላይ ጭኖ ሾዋክ ገበያ ያዞረ አባት ነው። የሰሊጥ እርሻው ላይ ወኪል ሆኖ አርባ ሠራተኛ ያዝዛል። ወንድሙ ፊት ሲቀመጥ ግን ያ ሁሉ ወኪልነት ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ አንገቱን ደፍቶ «እሺ አያ» ብቻ ይላል።

«የምን ሙቀት?» አላት አሁን ቀና ብሎ።

እሷም ሉብና የነገረቻትን ነገረችው።

ሉብና ክፍል ውስጥ ከጎኗ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። እናቷ ጎንደሬ፣ አባቷ ቀይ ባሕር ዳር ያለችው የሱዋኪን ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እሱ ሲሞት እናቷ እህቷ ወዳለችበት ወደዚህ ካምፕ ይዛት መጣች። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ የባሕር ነገር ሲነሳ ግን ዓረብኛው ይቀድማታል። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ጣቷን አፈር ውስጥ እየቀበረች ስትተርክላት ሐመልማል ደወሉ መደወሉን እንኳ አልሰማችም።

አባቷ አንድ ጊዜ በጀልባ ደሴት ወስዷት ነበር። ፀሐይ ስትገባ አንዲት የባሕር ኤሊ ከውኃው ወጣች። እየተነፈሰች፣ እያረፈች፣ ያን ሁሉ አሸዋ አቋርጣ በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ቆፈረች። ሎሚ የሚያካክሉ ነጫጭ እንቁላሎች፣ መቶ ይሆናሉ፣ ጣለች። ከዓይኗ ውኃ ይወርድ ነበር። ከዚያ አሸዋውን መልሳ አለበሰችውና ዞር ብላ ሳታይ ወደ ባሕሯ ገባች። እንቁላሎቹ ሁለት ወር ያህል እዚያው ተቀብረው ይቆያሉ። የሚታቀፋቸው አሸዋው ራሱ ነው።

ደሴቱ ላይ ኤሊዎቹን የሚያጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ ቴርሞሜትር አሸዋው ውስጥ ቀብረው ይለካሉ። ለትንሿ ሉብና ሲያስረዷት እንቁላሉ ሲጣል ሴትም ወንድም አይደለም አሏት። ነገሩ የሚለየው ከስድሳው ቀን መሃለኛዎቹ ሃያ ቀናት ላይ ነው። አሸዋው ቀዝቀዝ ብሎ ከሃያ ስምንት ዲግሪ በታች ከሆነ ወንዶች ይሆናሉ፤ ከሠላሳ አንድ ካለፈ ሴቶች። በመካከሉ ደግሞ ከሁለቱም ይፈለፈላል። ከጥላ ወደ ፀሐይ እንደ መውጣት ያለች ልዩነት ናት፣ ሌላ ምንም የለም። ምድር እየሞቀች ስለመጣች አሁን አሁን በአንዳንድ ዳርቻ የሚፈለፈሉት ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው።

ሐመልማል ያን ዕለት ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ይሁን በሌላ ነገር እንጃ። ባሕር አይታ አታውቅም። ግን ከካምፑ ወዲያ ያለው የታረሰ ጥቁር ሜዳ በቀትር ፀሐይ ሲንቀለቀል ውኃ ይመስላል፤ እሷም ዳርቻው ላይ ቆማ ለብዙ ጊዜ አየችው። ከመሬት በታች፣ በሙቁ ጨለማ ውስጥ፣ መቶ ትናንሽ ነገሮች ምን እንደሚሆኑ ሳያውቁ ተኝተዋል። ማንም አያያቸውም፣ ማንም አይመኝላቸውም። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ለምን ደስ እንደሚል ግን ልትናገረው አትችልም ነበር።

ለአባቷ ይህን ሁሉ አልነገረችውም፤ አሸዋውንና ሙቀቱን ብቻ ነገረችው። ስንሻው ጉርሻውን አስቀምጦ አዳመጣት።

«ለሰውም እንዲህ ነው?» አለ።

ሉብና ስለ ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሐመልማል እናቷን አየች፤ ሆዷ ላይ የተሳበውን ነጠላ አየች።

«እንዲሁ ነው» አለች። «መምህራችን ነግረውናል።»

እንግዲህ ሐመልማል ውሸት የማይሆንላት ልጅ ናት፤ ጠመኔ ወስዳ እንኳ ፊቷ ያሳብቅባታል። ይኼኛው ግን ሰመረላት። አባቷ ወንድሙ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ይኼ አገር እኮ እሳት ነው አለ፤ ሦስቱም ልጆች የተወለዱት እዚሁ ነው፣ የአያ እንዳለው ወንዶች ልጆች ደግሞ ሁሉም ብርድ አገር ዳባት ላይ ነው የተወለዱት አለ። አያ እንዳለውም አገጩን እያሻሸ ሊሆን ይችላል አለ። የአገር ቤቷ ልጅ ነገር ያን ቀን ከሰዓት ድጋሚ አልተነሳም። ሐመልማል ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር።

በማግስቱ አባቷ በጣቱ ሲቆጥር አገኘችው። ዘጠኝ ወር ለሦስት ሲካፈል መሃሉ አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ነው። እናትነሽ መሃሉን ጀምራለች፤ ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ ዳባት፣ እናቱ ዘንድ መድረስ አለባት። እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሦስት ወር ተቀምጣ ትመለሳለች። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገላባት የሚሄድ ሎሪ አለ፣ አያ እንዳለውም ሥራው ሳይጀመር ሸኝቷት ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ያበራ ነበር።

«መንገዱን ታውቀዋለህ» አለችው እናትነሽ።

ያውቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ከገላባት ሲመለሱ በዚያው መንገድ፣ ሎሪው ላይ፣ የአምስት ወር ፅንስ ጨንግፎባታል። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሁለተኛ እርጉዝ ሆነሽ ሎሪ ላይ እንዳትወጪ ብላታለች። ስንሻው ይህን አልረሳውም፤ ግን ተስፋ የያዘው ሰው ጆሮው ይደፈናል።

ሐመልማል ነገሩን ለሉብና ስትነግራት ሉብና በቁጣ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«እኔ ስለ ሰው መች አወራሁ? ዋላሂ፣ አባትሽን ኤሊ አደረግሽው» አለቻት። ከዚያ ፊቷን ስታይ አዘነችላትና እጇን ይዛ ወደ ሳይንስ መምህራቸው ወደ መምህር እምባየ ወሰደቻት።

ሐመልማል በልቧ እውነት ሆኖ በተገኘ ትል ነበር። መምህር እምባየ ግን እንደዚያ አላሉም። ሰው እንደ ኤሊ አይደለም፤ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ የሚወሰነው ፅንሱ በተፀነሰበት በመጀመሪያው ቅጽበት ነው፣ ከዚያ በኋላ ብርድም ሙቀትም አይለውጠውም አሉ። እናት የምትሰጠው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አባት ግን ከሁለቱ አንዱን ይሰጣል፤ የሚለየውም እሱ በሰጠው ነው፣ ያውም ሳይመርጥ። ምነው ብለው ቢጠይቋት እንዲሁ ነው አለች።

ዓርብ ቀትር ላይ ካምፑ ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲጋደም እሷም በአንገረቧ፣ በገመድ አልጋዋ፣ ላይ ተጋደመች። እንቅልፍ ይሁን ሙቀት፣ ብቻ አሸዋው መጣ። እሷ ከመቶዎቹ አንዷ ነበረች፤ ፋናዬና ማሬም በአጠገቧ ነበሩ፣ እናቷ ሆድ ውስጥ ያለው ሕፃንም ነበር። ከላይ የባሕር ድምፅ ይሰማል። ኤሊዋ ወደ ውኃው ስትመለስ ለምን ሴቶች ወለድሽ የሚላት አልነበረም። ዓሣዎቹም፣ ቴርሞሜትር የያዙት ሰዎችም ዝም ብለው አሳለፏት። ስትነቃ ላብ አጥምቋት ነበር። እናቷ አንሶላ እያጣጠፈች ከረጢት ውስጥ ስትከት አየቻት፤ አንዱን አጥፋ፣ እንደገና ፈትታ፣ እንደገና አጠፈችው። ፈርታለች። እናቷ ስትፈራ ሐመልማል አይታ አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሎሪው ከመንገዱ ዳር ሞተሩን አስነስቶ ቆመ። አያ እንዳለው ራኩባው ሥር ሻዩን እየጨረሰ ነው። አባቷ ከረጢቱን በገመድ ያስራል። እናትነሽ ማሬን አቅፋ ተቀምጣለች።

«አባ፣ ዋሽቻለሁ» አለች ሐመልማል።

ስንሻው እጁን ከገመዱ ሳያነሳ ቀና አለ። የኤሊው ነገር እውነት እንደሆነ፣ የሰው ግን እንዳልሆነ ነገረችው። መምህሯ ለሰው እንዲህ ነው ብለው እንዳልነገሯት፣ አሁን ስትጠይቃቸው እንደዚያ አይደለም እንዳሏት፣ ሕፃኑ ምን እንደሆነ አስቀድሞ እንደተለየና ዳባት ቢሄዱም እንደማይቀየር ነገረችው። አባቷ አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እንደ ደከመው ሰው ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ ለሰው በምንድን ነው?» አላት።

ሐመልማል መልሱን ታውቀዋለች፤ ምላሷ ላይ ነው። አባቷ ግን ፊቷን አይቶ አንድ ነገር ገባው መሰለኝ፣ ወንድሙን በዓይኑ ጠርዝ ገረፍ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግድየለም፣ ኋላ ለብቻችን ትነግሪኛለሽ» አላት።

የማምለጫ በር ተከፍቶላታል። ኋላ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳይሰማ ብትነግረው አባቷ በታላቅ ወንድሙ ፊት አያፍርም። አባቷን ትወዳለች፤ ሲያፍር ማየት አትፈልግም። ጉዞውም ቀርቷል፣ ለዛሬ ይህ ይበቃ ነበር። ግን እናቷ የተነገረችው ኋላ ለብቻዋ አልነበረም። በምሳ ላይ ነው፣ በሰው ፊት፣ ልጆቿ እየሰሙ።

ሐመልማል ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ከአባት ነው፣ አባ» አለች፣ አያ እንዳለው እንዲሰማ አድርጋ። «እናት የምትሰጠው አንድ ነው። ሴትም ወንድም የሚሆነው አባት በሰጠው ነው። አንተም መርጠህ አይደለም።»

አያ እንዳለው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቀረ። አባቷ መሬት መሬቱን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ከወዲያ የሎሪው ሹፌር ጥሩምባውን ሁለቴ ነፋ፤ የሚነሳ ሰው አልነበረም።

እናትነሽ ማሬን ከጭኗ አውርዳ ወደ ልጇ ዞረች።

«እስቲ ድገሚው» አለቻት።

ሐመልማል ደገመችው።